ኮረንቲ በባሕር ወለል ሲያልፍ፣ እዚያ የሚኖሩት ፍጥረታት ምን ይሆናሉ?

መምህር ዘሳቢያን | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ የድሬና የሐረር ልጆች። ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ትናንት ስለ ማግኔት ሳስተምር፣ አባቷ ጅቡቲ የሚሠራ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ከእኛ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባው የኮረንቲ መስመር አንድ ቀን ባሕሩን ተሻግሮ የመን ቢሄድ፣ ኬብሉ የሚተኛበት ቦታ ያሉት ዓሦች ኮረንቲ ይዟቸው ይሞታሉ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደግሞ መልስ አጣሁላት። ሌላ ቀን እመልስልሻለሁ ብዬ አለፍኩና ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

የልጅ ሕልም እንዳይመስላችሁ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚሄደው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። ጅቡቲንና የመንን የሚለየው የባሕር መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስዊድኖች ጎትላንድ የምትባል ደሴታቸውን ከዋናው ምድር ጋር በኬብል ሲያገናኙ ጊዜው 1954 ነበር፤ ያ ኬብል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ2023 እንግሊዝን ከዴንማርክ ያገናኘው መስመር ደግሞ የብስና ባሕሩ አንድ ላይ ሲቆጠር 765 ኪሎ ሜትር ነው። የልጅቷ ጥያቄ ሌላ አገር ከተጠየቀ ቆይቷል ማለት ነው።

ስለ ባሕር ወለል ሕይወት የምታውቁ፣ ኬብል የቀበራችሁ፣ ጅቡቲ የምትመላለሱ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ለልጅቷ ትክክለኛውን መንገር እፈልጋለሁ።

የገንደ ቆሬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

አቦ መምህር፣ ይሄማ ምን ያጠያይቃል! ውሃና ኮረንቲ የት ተስማምተው ያውቃሉ? ጎርፍ የመጣ ጊዜ እኛ ሰፈር የወደቀ ሽቦ ውሃ ነክቶ ሁለት ፍየል ዓይኔ እያየ ገድሏል። የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው አለበት፤ ኮረንቲ ይብስ ያስተላልፋል። ያ ሁሉ ቮልት ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይተርፋል ቢሉኝ አይዋጥልኝም።

ጡረተኛው መስመረኛ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡04

ልጄ፣ የፍየሎቹ ነገር ያሳዝናል። እነሱን የፈጃቸው ግን ራቁቱን ያለ ሽቦ ነው። ሠላሳ ዓመት መስመር ላይ ሠርቻለሁ። ምሰሶ ላይ የምታየው የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ልባስ የለውም፤ የሚከልለው አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መሬት ሲወድቅ ሰውም ከብትም ይፈጃል።

የባሕሩ ኬብል ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደን ቁራጩን አሳይተውናል። አንድ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ነበረች፤ በሁለት እጄ ነው ያነሣኋት። የተቆረጠው ፊቷ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ያህላል። መሐሉ መዳብ ነው። መዳቡን የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ከብቦታል። ከዚያ የእርሳስ ቱቦ፣ በእሱ ላይ እንደገና ፕላስቲክ፣ ከዚያ ዙሪያውን እንደ ሹሩባ የተደረደረ የብረት ሽቦ፣ መጨረሻ ላይ ሬንጅ የጠጣ ገመድ። እጄ ላይ የቀረው የሬንጁ ሽታ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

የእርሳሱ ቱቦ ከምድር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቮልቱ ከእሱ አያልፍም። ኬብሉ ሙሉ ኃይል ተሸክሞ ሳለ ውጪውን ብትዳስሰው አይነዝርህም። መልህቅ ቢበጥሰው እንኳ ጣቢያው ላይ ያለው መከላከያ ሰኮንድ ሳይሞላ ይዘጋዋል። በኮረንቲ ተመትቶ የሚሞት ዓሣ የለም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ማግኔቱን ግን እርሳስ አያግደውም። እዚያ ላይ መምህሩ ይቀጥሉ።

መምህር ዘሳቢያን | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን ይዤ ዛሬ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ከሰፈር ጋራዥ የመኪና ባትሪና ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ተዋስኩ፤ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። ሽቦውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ወጥሬ ኮምፓስ ከሥሩ አስጠጋሁ። አምፖሉ ሲበራ መርፌዋ ብድግ ብላ ወደ ጎን ዞረች፤ ከ60 ዲግሪ በላይ። አንድ ስንዝር ዝቅ ሳደርጋት ትንሽ ብቻ ዘንበል አለች። ግማሽ ሜትር ላይ መዞሯን ለማየት ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ኤርስቴድ የሚባለው ዴንማርካዊ በ1820 ያየው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገር ሞከርኩ። መሄጃውንና መመለሻውን ሽቦ አንድ ላይ ጠመዘዝኳቸው። አምፖሉ እንደ ቀድሞው ቦግ ብሎ በራ፣ ኮረንቲው ያው ነው፣ መርፌዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። የአንዱ ማግኔት የሌላውን ይሽረዋል።

አሁን ወደ ባሕሩ ልውሰዳችሁ። 1,000 አምፔር የተሸከመ ነጠላ ኬብል 1 ሜትር ርቀት ላይ 200 ማይክሮ ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማግኔት ይፈጥራል፤ 10 ሜትር ላይ 20። የምድራችን ማግኔት እዚህ ድሬዳዋ 36 ገደማ ነው። መሄጃና መመለሻው ጎን ለጎን ታስረው በመሐላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢኖር ግን፣ 1 ሜትር ላይ ያ 200 ወደ 20 ይወርዳል፤ 5 ሜትር ላይ ከ1 በታች ነው። ሁለቱን ኬብሎች አራርቆ ማንጠፍና አንድ ላይ አስሮ ማንጠፍ ወለሉ ላይ ለሚኖር ሸርጣን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

እንግዲህ የቀረኝ የባዮሎጂው ነው። 20 ማይክሮ ቴስላ ለማን ምኑ ነው?

ከሐረማያ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡48

መምህር፣ ሙከራዎን ሳነብ ደስ አለኝ። የተማርኩት የዓሣ ሀብት ነው፤ የምችለውን ልጨምር።

በቅርባችን ካለው ልጀምር። አምባዛን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በደፈረሰ ውሃ፣ በጨለማ፣ ዓይን በማይሠራበት ጭቃ ውስጥ ምግቡን ያገኛል። ሹል አፍንጫና ሪዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ የሚረዳው፤ ቆዳው ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰሙ ጥቃቅን ብልቶች አሉት። የማንኛውም ሕያው ነገር ጡንቻና ልብ ሲንቀሳቀስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ አምባዛው ያንን ይሰማል።

ሻርክና የሻርክ ዘመድ የሆኑት ጠፍጣፋ ዓሦች በዚህ ነገር ከሁሉም ይበልጣሉ። አፍንጫቸው አካባቢ ያሉትን ቀዳዳዎች ጣሊያናዊው ሎሬንዚኒ በ1678 ጽፎባቸዋል። ለምን እንደሚያገለግሉ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ካልማይን የሚባል ተመራማሪ በ1971 ሻርክ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ በኤሌክትሪኩ ብቻ ፈልጎ እንደሚያወጣ አሳየ። የሚሰሙት መጠን በአንድ ሳንቲ ሜትር 5 ናኖ ቮልት ድረስ ይወርዳል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ ባለ 1.5 ቮልት የሬዲዮ ባትሪ ወስዳችሁ ሁለቱን ጫፎቹን በ3,000 ኪሎ ሜትር ብታራርቋቸው የሚገኘው መጠን ነው። ከድሬዳዋ ካይሮ ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል።

ባሕር ወለል ላይ የሚኖር እንስሳ ኬብሉን ይሰማዋል ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው። ኮረንቲው በእርሳሱ ታግዶ ቢቀርም፣ ውሃ በማግኔት ውስጥ ሲፈስ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በመምህሩ 20 ማይክሮ ቴስላ ውስጥ በሰኮንድ 1 ሜትር የሚፈስ ውሃ በሳንቲ ሜትር 200 ናኖ ቮልት ይሰጣል፤ ሻርኩ ከሚሰማው ዝቅተኛ መጠን 40 እጥፍ። የምድር ማግኔትም ግን ከዚያ የማያንስ ኤሌክትሪክ በባሕር ሞገድ ውስጥ ሁልጊዜ ይፈጥራል። እንስሳቱ በዚህ ውስጥ ነው የተወለዱት። ስለዚህ የኬብሉ ድምፅ በጫጫታ መካከል የተጨመረ ሌላ ድምፅ ነው ብላችሁ ያዙልኝ፤ እንደ ጥይት አትቁጠሩት።

ሲሰሙት ምን ያደርጋሉ? አሜሪካ ውስጥ በኮኔቲከትና በሎንግ አይላንድ መካከል የተዘረጋ 330 ሜጋ ዋት የሚያስተላልፍ ኬብል አለ። እዚያ ባሕር ወለል ላይ አጥር ሠርተው ስኬት የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣና ሎብስተር አስገቡና ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ2020 ታትሟል። ስኬቱ ኬብሉ ባለበት አጥር ውስጥ ብዙ ርቀት ዋኘ፣ ዝግ ብሎ፣ ወደ አሸዋው ተጠግቶ፣ እየደጋገመ እየተጠማዘዘ። ምግብ ፈላጊ የሚያደርገው ነው። ሎብስተሩ የተለወጠው ጥቂት ነው። ሁለቱም ግን ኬብሉን አልፈው ሄደዋል፤ ግድግዳ አልሆነባቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ የስኬቱ ነው። የሌለ ምግብ ሲፈልግ ጉልበቱን ያባክናል። ቀን በቀን ቢሆንበትስ?

የገንደ ቆሬ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼም ይቅርታ፤ ቸኩዬ ነበር የተናገርኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ኮረንቲው በቀጥታ ወደ ውሃው የሚገባበት አሠራር በጭራሽ የለም?

ጡረተኛው መስመረኛ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡37

ይቅርታ የሚያስፈልገው አይደለም። እንዲያውም ጥያቄህ ጥሩ ቦታ ገብቷል። አለ። በቀጥተኛ ኮረንቲ (እንደ ባትሪው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈሰው) የሚሠሩ የድሮ መስመሮች ገንዘብ ለመቆጠብ አንድ ኬብል ብቻ ዘርግተው መመለሻውን በባሕር ውሃው ያደርጉት ነበር። የጎትላንዱም እንደዚያ ነበር። ኮረንቲው ወደ ውሃው በሚገባበት ጫፍ ጨዉ ተበጥሶ ክሎሪን ይወጣል። አዳዲሶቹ መመለሻውንም በኬብል ነው የሚያደርጉት፤ መምህሩ እንዳሳዩን ማግኔቱም አብሮ ይቀንሳል። እኔ ብጠየቅ በባሕር መመለስን ጨርሶ አልፈቅድም።

ሸዋ በር | ረቡዕ፣ ማታ 3፡22

የምትጽፉት ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ከልቤ ነው የማነበው። ግን ሐረር ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ በዚህ ሳምንት ብቻ ኮረንቲ አራት ጊዜ ሄዶብኝ የሰው የሠርግ ልብስ ሳላደርስ ቀርቻለሁ። ሙሽራዋ አልቅሳ ሄደች። እኛ ባሕር እንኳ የለንም። ስለ ሸርጣን ከመጨነቃችን በፊት ስለ ሰው መጨነቅ አይቀድምም ወይ? ቅር አትሰኙብኝ።

የጀጎል ሽማግሌ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

እህቴ፣ የሙሽራዋ ነገር እኔንም አሳዘነኝ። ያንቺ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ነው።

ግን የእኛን ግንብ አስቢው። አያቶቻችን ጀጎልን ሲያጥሩ ጠላት እንዳይገባ ነው ያጠሩት። ያም ሆኖ ግንቡ ሥር ለወራባ ቀዳዳ ትተዋል። ጅቡ ማታ ገብቶ ቆሻሻውን በልቶ ይወጣል። ግንብ መሥራት አልቀረም፤ ሲሠራ ግን በዚያ መንገድ ማን ያልፍ ነበር ተብሎ ተጠይቋል። ግንቡ ካለቀ በኋላ ቢሆን ኖሮ ማፍረስ ነበር የሚጠይቀው። የባሕሩም እንደዚያ ይመስለኛል፤ መጠየቂያው ኬብሉ ሳይተኛ ነው።

ለገሃር | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ለንግድ ጅቡቲ ከተመላለስኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ብርድ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ አርታ አጠገብ ዌል ሻርክ ይመጣል። አንድ ጊዜ ጓደኞቼ በጀልባ ወሰዱኝ። ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ አፉን እንደ ጎተራ በር ከፍቶ ውሃውን እያጣራ ጀልባችን ሥር ሲያልፍ፣ ወላሂ እንባዬ መጣ። ሰው አይነካም።

እህቴ ከሐረማያ፣ እሱም የሻርክ ዘር ነውና ኬብል ቢመጣ ይሸሻል?

ደግሞ ጅቡቲ የሚወጡ ኬብሎች አሁንም አሉ ይባላል። እነሱስ?

ከሐረማያ | ሐሙስ፣ ከሰዓት 8፡40

ወንድሜ፣ ያሉት የኢንተርኔት ናቸው። በውስጣቸው የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ማጉያዎቹን ለማንቀሳቀስ የሚላከው ኮረንቲ 1 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። የመምህሩ የመኪና አምፖል ይበልጠዋል።

ዌል ሻርኩ የሚበላው ከላይ ከላይ ስለሆነ ከኬብሉ በብዙ ሜትር ይርቃል። ለእሱ ይበልጥ የምፈራው ኬብል የሚዘረጋውን መርከብ ጫጫታና ግጭት ነው። በኅዳርና በጥር መካከል እዚያ አካባቢ ሥራ አለመሥራት ነው መፍትሔው። ዋነኞቹ ባለጉዳዮች ከታች ያሉት ናቸው። በቀይ ባሕር አሸዋ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ አይታችሁ ይሆናል፤ ቀን ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ክምር) ሥር ተጋድሞ ይውላል። እሱ ነው ኬብሉ ላይ ሆዱን የሚያሳርፈው።

ሸርጣን ላይ የተሠራውንም ልንገራችሁ፤ በ2021 ስኮትላንድ ውስጥ የወጣ ነው። ሸርጣኖቹን በገንዳ አስገብተው ማግኔቱን ከፍ ዝቅ አደረጉት። 250 ማይክሮ ቴስላ ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። 500 እና 1,000 ሲደርስ ግን ማግኔቱ ወዳለበት መጠለያ እየሄዱ እዚያው መቀመጥ አበዙ። ቀኑን ቁጭ ብሎ የሚውል ሸርጣን ምግብም ጓደኛም አይፈልግም። በመምህሩ ስሌት ብንሄድ 500 የሚገኘው ከነጠላው ኬብል በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ኬብሉ 1 ሜትር ቢቀበር ሸርጣኑ እዚያ ሊደርስ አይችልም፤ ወለሉ ድንጋይ ሆኖ ኬብሉ ከላይ ቢቀር ግን ላዩ ላይ ይወጣል።

እጮቹም፣ ማለትም ገና የተፈለፈሉት የዓሣ ልጆች፣ አሉ። በ2022 ኖርዌይ ውስጥ የሀዶክ ዓሣ እጮች የቀጥተኛ ኮረንቲ ኬብል በሚፈጥረው ዓይነት ማግኔት ውስጥ ሲገቡ አብዛኞቹ ዋናቸው ዘገየ። ሌላ ዓይነት ዓሣ እጭ ላይ ተሞክሮ ደግሞ ምንም አልሆነም። ስለዚህ «የባሕር እንስሳ» ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም፤ ዝርያው መጠራት አለበት።

ጡረተኛው መስመረኛ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ስለ መቅበር እኔ ልናገር፤ የኖርኩበት ነው።

የድሬዳዋውን የጎርፍ ወንዝ፣ ዳቻቱን፣ የሚያውቅ ይረዳኛል። በጋ ላይ አሸዋው ደርቆ ሰው ይገበያይበታል። አንድ ጊዜ በአሸዋው ሥር ቱቦ ስንቀብር አብሬ ነበርኩ፤ የሰው ቁመት ያህል ቆፍረን ነው ያስገባነው። ክረምት ጎርፉ መጥቶ ሲሄድ ቱቦው ሜዳ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። አሸዋው ተነሥቶ ሄዷል። የባሕርም አሸዋ ይሄዳል። ዛሬ 1 ሜትር ተቀበረ የተባለ ኬብል ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል እየዞሩ ማየት ግዴታ ነው። «ቀብረነዋል» ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻውን ለእኔ ሥራ አይባልም።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። እንዲህ ያለ ኬብል ውስጥ ያለው መዳብ እስከ 90 ዲግሪ እንዲደርስ ይፈቀድለታል። ውሃው ክፍት ከሆነ ወዲያው ያበርደዋል፤ አሸዋ ውስጥ ግን ዙሪያው ይሞቃል። እዚያ የሚኖሩ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች የለመዱት ቅዝቃዜ ነው። ጀርመኖች ከባሕር ወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተብሎ ሲለካ ጭማሪው ከ2 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። በጥልቀት መቅበር ሁለቱንም ይጠቅማል፣ ሙቀቱንም ማግኔቱንም። ጉዳቱ በጥልቀት ለመቅበር ብዙ መቆፈር ነው።

ከሐረማያ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡02

ጋሼ የመጨረሻዋን ነገር እንዳታልፏት! እኔ እንደማስበው ትልቁ ጉዳት እሷ ናት። ሰው ሁሉ ስለ ማግኔቱ ይጠይቃል፤ ማረሻው ግን ይረሳል።

ኬብሉ የሚቀበረው በባሕር ማረሻ ወይም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ነው። የተነሣው ደለል ውሃውን አደፍርሶ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። አሸዋማ ወለል ከሆነ ትሉም ቀንድ አውጣውም ከወራት እስከ ጥቂት ዓመት ባለው ጊዜ ይመለሳል። ኮራል ከሆነ ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ የፈጀውን ነው በአንድ ከሰዓት የምታርሰው፤ ደለሉ ብቻውን አፍኖ ይገድለዋል። ስለዚህ መስመሩን ማዞር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ የኮራሉን ክምር ሳይነኩ ከሥሩ በመሰርሰሪያ ማለፍ ይቻላል። ቀይ ባሕር ለኬብል አዲስ አይደለም። አቃባ ባሕረ ሰላጤን አቋርጦ ዮርዳኖስን ከግብፅ የሚያገናኘው 13 ኪሎ ሜትር ኬብል ከ1998 ጀምሮ አለ። ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ውል የተፈራረሙበት ባለ 3,000 ሜጋ ዋት መስመርም ይኸንኑ ባሕረ ሰላጤ ይሻገራል።

ጥሩ ጎንም አለው፤ አለመናገር ነውር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሁለቱን ደሴቶች ከ1965 ጀምሮ የሚያገናኙት ኬብሎች ባሉበት ወንዝ መሰል ባሕር ላይ ዓሣ ማጥመድና መልህቅ መጣል የተከለከለበት ቦታ ተከልሏል። የወለሉን ሕይወት ከኬብሉ ይልቅ የሚፈጀው ከታች የሚጎተተው መረብ ስለሆነ፣ ለኬብሉ ተብሎ የወጣው ክልከላ ለእንስሳቱም ጥላ ይሆናል።

ሸዋ በር | ሐሙስ፣ ማታ 2፡44

አንብቤ ጨረስኩ። የወራባው ቀዳዳ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ልብሱንም ዛሬ አድርሻለሁ፣ ሙሽራዋ ሠርጓ እሑድ ነው።

መምህር ዘሳቢያን | ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡55

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ክፍል ገብቼ ባትሪውንና ኮምፓሱን ፊት ለፊት አስቀምጬ አሳየኋቸው። ሽቦውን የጠመዘዘችው ልጅቷ ራሷ ናት። የስኬቱንም፣ የሸርጣኑንም፣ የማረሻውንም ነገር ነገርኳቸው።

መጨረሻ ላይ የኢሉን ታሪክ ጨመርኩላቸው። ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ከባልቲክ ባሕር ተነሥቶ እንቁላል ሊጥል አትላንቲክን አቋርጦ እስከ ሳርጋሶ ባሕር ይዋኛል። ስዊድን ውስጥ ካልማር ወሽመጥ ላይ 60 ኢሎች ላይ ምልክት አስረው ሲከታተሉ፣ ባለ 130 ኪሎ ቮልት ኬብል ጋ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይዘገዩና ያልፋሉ። ውጤቱ በ2008 ወጥቷል። ከወራት ጉዞ ግማሽ ሰዓት ምንም አይደለም አልኳቸው።

ልጅቷ ኮምፓሷን እጇ ላይ እንደያዘች ትንሽ አሰበችና «መምህር፣ በኢሎቹ መንገድ ላይ ስንት ኬብል አለ?» አለችኝ።

እኅቴ ከሐረማያ፣ ይህን የቆጠረ ሰው ታውቂ ይሆን?

ከሐረማያ | ዓርብ፣ ማታ 1፡12

መምህር፣ ጥናቶቹ ያየኋቸው ሁሉ አንድ እንስሳ ከአንድ ኬብል ጋር ነው የሚያገናኙት። ሰሜን ባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫው በበዛ ቁጥር ኬብሉም እየበዛ ነው። ስሟን አልጠይቅም፣ ግን ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ እባክዎ ያገናኙኝ።